ፒክስሉን ተወው፤ ቀለሙን ሲሳል ቀይረው

ጥያቄው፦ «በኮትሊን የአንድሮይድ አፕ እየሰራሁ ነው። ተጠቃሚው የቲሸርት ፎቶ ያያል፤ በስላይደር ቀለም ይመርጣል። እኔ በሁለት ፎር ሉፕ እያንዳንዱን ፒክስል በጌትፒክስል አነባለሁ፤ ቀይ ከሆነ በሴትፒክስል አዲሱን ቀለም እጽፍበታለሁ። ይሰራል። ግን አንዴ ለመቀየር ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ስክሪኑም ስታክ ያደርጋል። ቲሸርቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሮዝ ክር የመሰለ ነገር ይቀራል። ፎቶውን ከጋለሪ እንዲመርጡ ሳደርግና አዲስ ስልክ ላይ ስሞክረው ጭራሽ አፑ ይዘጋል። ስህተቱ ውስጥ ‹ሃርድዌር› የሚል ቃል አለ። እንዴት ላፍጥነው?»

መልስ፦ ሦስት የተለያየ ችግር የገጠመህ ይመስላል። መንቀራፈፉ፣ ሮዙ ክር፣ የአፑ መዘጋት። የሦስቱም ሥር አንድ ነው፤ ፒክስሎቹን በእጅህ እየነካካህ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ መንካት አያስፈልግህም።

መጀመሪያ ለምን እንደሚንቀራፈፍ እንይ። ምስልህ 1080 በ1920 ነው እንበል። 2,073,600 ፒክስል አለው። ለእያንዳንዱ አንዴ ካነበብክና አንዴ ከጻፍክ ከአራት ሚሊዮን በላይ ጥሪ ነው። ጌትፒክስል ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ግን በተጠራ ቁጥር ቢትማፑ (የተከፈተው ምስል) ሜሞሪ ላይ አለ ወይ፣ የሰጠኸው ነጥብ ከምስሉ ውጭ ነው ወይ ብሎ ያጣራል። ከዚያ ከኮትሊን ወደ ታች፣ ወደ ሲ ፕላስ ፕላሱ ኮድ ይሻገራል። አንድ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። አንድ በርሜል ውሃ በማንኪያ እየቀዱ ሌላ በርሜል እንደመሙላት ነው። ማንኪያው አይከብድም፤ የሚገድለው ምልልሱ ነው።

በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለአንድ ፍሬም የሚሰጥህ ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 120 ከሆነ ግማሹ። አንተ ዋናውን ትሬድ (ስክሪኑን የሚያድሰውን የሥራ መስመር) ሦስት ሰከንድ ስትይዘው 180 ፍሬም ያህል በላህ ማለት ነው። ስታክ ማድረጉ አይገርምም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የናሙና ፎቶውን የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጥከው? ስሙ ላይ ምንም ቅጥያ የሌለው ድሮዌብል ፎልደር (የአፑ ምስሎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ከሆነ አንድሮይድ ምስሉን ለ160 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 160 ነጥብ) ስክሪን እንደተሰራ ይቆጥረዋል። ስልኩ 480 ዲፒአይ ከሆነ ምስሉን ሲከፍት ወርዱንም ቁመቱንም በ3 ያበዛዋል። 400 በ400 ነው ብለህ ያስቀመጥከው ምስል ሜሞሪ ውስጥ 1200 በ1200 ሆኖ ይቀመጣል። ዘጠኝ እጥፍ ፒክስል፣ ዘጠኝ እጥፍ ሜሞሪ፣ ዘጠኝ እጥፍ ሉፕ። ጥራቱ ግን ያው ነው። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ኖዲፒአይ የሚል ቅጥያ ያለው ፎልደር ውስጥ አስገባው። ይህን ብቻ አስተካክሎ «ተፈታልኝ» ብሎ የሄደ ሰው አውቃለሁ። አልተፈታለትም፤ ግን ቢያንስ ተነፈሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀለሙ ለዓይን እንዲቀየር ምስሉ ራሱ መቀየር የለበትም። ፊልተር ማለት መነጽር ማለት ነው። ምስሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ላይ በሚሳልበት ቅጽበት ቀለሙ በመነጽሩ በኩል ያልፋል። ሥራውን የሚሰራው ጂፒዩ (የስልኩ የምስል ማቀነባበሪያ) ነው፤ ጂፒዩ ደግሞ የተፈጠረው እጅግ ብዙ ፒክስል ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ስሌት በአንድ ጊዜ ለማስኬድ ነው። አንተ የምትቀይረው መነጽሩን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጥቂት ቁጥሮች የያዘ ትንሽ ኦብጀክት ነው። ስላይደሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አዲስ ብትፈጥር እንኳ አይሰማህም።

በአንድሮይድ ይህን የሚሰራው ከለርፊልተር ይባላል። ምስሉን የሚያሳየው ኢሜጅቪውህ ላይ ሴትከለርፊልተር የሚለውን ጥራና ሁለት ነገር ስጠው፦ የተመረጠውን ቀለምና የፖርተርደፍ ሞድ። ስሙ የመጣው በ1984 ምስሎችን እርስ በርስ የማዋሃድ ሕጎችን ካሳተሙት ከቶማስ ፖርተርና ከቶም ደፍ ነው። ሞዱ ካልተሰጠው ኢሜጅቪው ሶርስ አቶፕ የሚለውን ይወስዳል። ቲሸርትህን ለዚያ አትስጠው። እጥፋቱን፣ ጥላውን፣ ስፌቱን ሁሉ ደፍኖ አንድ ወጥ ቀለም ያደርገዋል። ለአንድ ቀለም አይከን ግን ግሩም ነው።

አንተ የምትፈልገው መልቲፕላይ ነው። ስሌቱ የምስሉ ቀለም ሲባዛ በተመረጠው ቀለም፣ ሲካፈል ለ255 ነው። በቁጥር እንየው። ቲሸርቱ ግራጫ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ፒክስል 180፣ ብርሃን የመታው ደግሞ 250 ነው። ተጠቃሚው ቀይ 30፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 200 የሆነ ሰማያዊ መረጠ። እጥፋቱ 21፣ 64፣ 141 ይሆናል። ብርሃኑ ደግሞ 29፣ 88፣ 196። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ፈካ ያለ። ጨርቁ ጨርቅ እንደመሰለ ይቀራል።

ግን ያንተ ቲሸርት ቀይ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። 200፣ 30፣ 30 የሆነውን ቀይ በዚያው ሰማያዊ ብታባዛው 24፣ 11፣ 24 ታገኛለህ። ጥቁር ነው ብትለው ይቀልሃል። «መልቲፕላይ አይሰራም» ብለው ወደ ሉፑ የሚመለሱት ይህን ያዩ ሰዎች ናቸው። መልቲፕላይ የሚሰራው ከታች ያለው ምስል ፈካ ያለ ግራጫ ሲሆን ነው።

የናሙናው ምስል ያንተ ከሆነ መፍትሔው ከኮድ ውጭ ነው። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ቲሸርቱን አንዴ ግራጫ አድርገው፣ አፍካው፣ አስቀምጠው። አለቀ። ምስሉ የተጠቃሚው ከሆነ ደግሞ ከለርማትሪክስ የሚባለውን ተጠቀም። አራት ረድፍና አምስት ዓምድ ያለው፣ 20 ቁጥር የሚይዝ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንዱ አዲስ ቀለም ከቀይ ስንት፣ ከአረንጓዴ ስንት፣ ከሰማያዊ ስንት፣ ከአልፋ (ፒክስሉ ምን ያህል እንደማያሳልፍ የሚናገረው ቁጥር) ስንት እንደሚወስድ ይናገራል፤ አምስተኛው ቁጥር በላዩ የሚደመር ነው።

ግራጫ ለማድረግ አንድሮይድ ራሱ የሚጠቀምባቸው ክብደቶች ለቀይ 0.213፣ ለአረንጓዴ 0.715፣ ለሰማያዊ 0.072 ናቸው። ዓይናችን አረንጓዴን አብልጦ ስለሚያይ ነው እኩል ያልተካፈሉት። በእነዚህ ስታሰላው የቅድሙ ቀይ 66 ገደማ ግራጫ ይሆናል። ጨለማ ነው፤ መፍካት አለበት። ቲሸርቱ ላይ በጣም የፈካው ቦታ 230፣ 60፣ 60 ነው እንበል፤ ግራጫው 96 ገደማ ይመጣል። 255ን ለ96 ስታካፍል 2.65 ታገኛለህ። ይህ የማፍኪያ ቁጥርህ ነው። ቅድም 66 የነበረው አሁን 175 ሆነ። በሰማያዊው ሲባዛ 21፣ 62፣ 137። ይኸው፣ ግራጫ ሆኖ ከተዘጋጀው ምስል ጋር ተቀራራቢ ውጤት መጣ።

ግራጫ ማድረጉን፣ ማፍካቱንና ማቅለሙን በሦስት ፊልተር አትለያያቸው። በአንድ ማትሪክስ አዋሃዳቸው። ለቀዩ ረድፍ ሦስቱን ክብደቶች በ2.65 አባዛ፤ ከዚያ በተመረጠው ቀለም ቀይ ቁጥር አባዝተህ ለ255 አካፍል። ለአረንጓዴውና ለሰማያዊው ረድፍም እንዲሁ። የአልፋው ረድፍ እንዳለ ይቆይ። መሃል ላይ ቁጥሩ ከ255 በላይ ቢሄድ አይቆረጥም፤ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ስላይደሩ ሲንቀሳቀስ የምታሰላው እነዚህን ዘጠኝ ቁጥሮች ነው። ከአራት ሚሊዮን ጥሪ ወደ ዘጠኝ ማባዛት ወረድክ።

ወደ ሮዙ ክር እንሂድ። ያንተ ኮድ የሚጠይቀው «ይህ ፒክስል ቀይ ነው?» ብሎ ነው። ጠርዝ ላይ ያለው ፒክስል ግን ግማሹ ቲሸርት፣ ግማሹ ነጭ ጀርባ ነው። 200፣ 30፣ 30 ከነጭ ጋር እኩል ሲደባለቅ 228፣ 143፣ 143 ይሆናል። ይህ ቀይ አይደለም፤ ሮዝ ነው። ኮድህ «አይደለም» ብሎ አለፈው። ትክክል ነው እኮ፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ጄፔግ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አጨማመቁ ቀለሙን በዙሪያው ስለሚያዛባው አንድ ወጥ የሚመስለው ቦታ እንኳ አንድ ወጥ አይሆንም። አዎ ወይም አይደለም የሚል ፈተና በፎቶ ላይ ሁሌም ክር ይተዋል።

መድኃኒቱ ምስሉን በሁለት ንብርብር መክፈል ነው። ከታች ጀርባው፣ ከላይ ዙሪያው አሳላፊ የሆነ ቲሸርት ብቻ። ፊልተሩን የላይኛው ላይ ብቻ አድርግ። የጠርዙ ፒክስል የራሱ ንጹህ ቀለምና 128 አካባቢ አልፋ ይኖረዋል፤ ቀለሙ ተቀይሮ ከጀርባው ጋር የሚደባለቀው በመሳል ጊዜ ነው። ሮዝ የሚባል ነገር አይፈጠርም።

እዚህ ጋ ኮምፖዝና ፍለተር በሚባሉት የአፕ መሥሪያዎች ለሚሰሩ አንዲት ማስጠንቀቂያ። እዚያ መልቲፕላይም ሞዱሌትም የሚባሉ ሁለት ሞዶች አሉ። አንተ የምትፈልገው ሞዱሌት ነው። የድሮው ፖርተርደፍ መልቲፕላይ በሥራው ሞዱሌት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚያሳስተው። መልቲፕላዩን ከመረጥክ አሳላፊ የነበረው ዙሪያ በሙሉ በተመረጠው ቀለም ይሞላል። ቲሸርት ስትጠብቅ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ይመጣል።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። በዝርዝር ውስጥ አንዱን አይከን ቀለም ቀይረህ ሁሉም ተቀይረው ካየህ አፑ አልተበላሸም። ከአንድ ሪሶርስ (የአፑ ምስል ፋይል) የተጫኑ ድሮዌብሎች ውስጣቸውን ይጋራሉ። ፊልተሩን ከማድረግህ በፊት ሚውቴት የሚለውን ጥራ፤ ያኔ የራሱን ይይዛል።

ታዲያ ፒክስል መንካት ጭራሽ አያስፈልግም? አንዳንዴ ግድ ነው። ፊልተር የሚያየው አንድ ፒክስል ብቻ ነው፤ ጎረቤቱን አያውቅም። ስለዚህ ጣት ያረፈበትን ቦታ እስከ መስመሩ ድረስ የሚሞላ የልጆች የማቅለሚያ አፕ በፊልተር አይሰራም። ከጋለሪ በመጣ ፎቶ ላይ ቲሸርቱ የቱ ጋ እንደሆነ መለየትም እንዲሁ። ያንተ የቀረ ሥራ ይህ ነው። ግን ልብ በል፤ ይህን ለአንድ ፎቶ የምትሰራው አንዴ ብቻ ነው። ቲሸርቱን ለይተህ የላይኛውን ንብርብር ታዘጋጃለህ። ከዚያ በኋላ ስላይደሩ ሺህ ጊዜ ቢመላለስ የፊልተሩ ጉዳይ ነው።

ስትነካ ግን በጅምላ ንካ። ጌትፒክስልስ፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ያለው፣ ሙሉውን ምስል በአንድ ጥሪ ወደ ኢንት አሬይ (የሙሉ ቁጥሮች ዝርዝር) ይገለብጥልሃል። አሬዩ ላይ የፈለግከውን ሰርተህ በሴትፒክስልስ በአንድ ጥሪ ትመልሳለህ። ሁለት ጥሪ ብቻ። ሁለት ሉፕም አያስፈልግህም፤ አሬዩ አንድ ረጅም መስመር ነው፣ ከ0 እስከ መጨረሻው ሂድበት። ሁለት ሉፕ ካማረህ ግን ውስጠኛው ኤክስ (አግድሙ) ይሁን። ዓምድ በዓምድ ከወረድክ ሲፒዩው በእያንዳንዱ እርምጃ ሜሞሪ ውስጥ አንድ ሙሉ ረድፍ ይዘላል፤ አጠገቡ አምጥቶ ያስቀመጠው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ቀይ መሆኑን በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቁጥሮች) አትለካ፤ ወደ ኤችኤስቪ (የቀለም ዓይነት፣ ሙሌትና ፍካት) ቀይረው። ጥላ ውስጥ ያለ ቀይና ፀሐይ ላይ ያለ ቀይ በአርጂቢ ይራራቃሉ፤ በኤችኤስቪ ግን የቀለም ዓይነታቸው ተቀራራቢ ነው። የቀለም ዓይነቱ የክብ ላይ ዲግሪ ነው፤ ቀይ ደግሞ ክቡ የሚገጥምበት ቦታ፣ 0 ላይ ነው ያለው። 350 እና 10 ሁለቱም ቀይ ናቸው። ልዩነታቸው 20 ነው እንጂ 340 አይደለም። ይህን ካላሰብክበት የቲሸርቱ ግማሽ ይቀርብሃል። ሙሌቱ በጣም ዝቅ ያለ ፒክስል ላይ ደግሞ የቀለም ዓይነቱ ትርጉም የለውም፤ ግራጫ ግድግዳ «ቀይ ነኝ» ሊልህ ይችላል። ሙሌቱ ባነሰ ቁጥር እምነትህም ይነስ።

መልሱም 0 ወይም 255 አይሁን። ለቀዩ በጣም ቅርብ ከሆነ 255፣ እየራቀ ሲሄድ ቀስ ብሎ የሚወርድ አልፋ ስጠው። ሮዙ ክር ዳግም እንዳይመጣ የሚያደርገው ይህ ቁልቁለት ነው። የኤችኤስቪ መቀየሪያው ሦስት ቁጥር የሚይዝ ፍሎት አሬይ ይፈልጋል፤ ከሉፑ ውጭ አንዴ ፍጠረው። ሉፑ ውስጥ ከፈጠርከው ሁለት ሚሊዮን ትንንሽ አሬይ ትወልዳለህ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢው ደግሞ ይህን ሁሉ ሲጠርግ ያንተን ሥራ ያስቆማል።

የሜሞሪውን ነገር አደራ። አንድ ፒክስል 4 ባይት ነው። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 48 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። አሬዩም ሌላ 48 ሚሊዮን። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የቢትማፑ ፒክስሎች ከጃቫ ሂፕ (ለአፑ ኮድ ከተመደበው ውስን ሜሞሪ) ውጭ ናቸው፤ አሬይህ ግን እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያፈነዳው እሱ ነው። ጌትፒክስልስ ከየትኛው ረድፍ ጀምሮ ስንት ረድፍ እንደምትፈልግ ይቀበልሃል። መቶ መቶ ረድፍ ውሰድ፤ 1.6 ሚሊዮን ባይት ብቻ ይበቃሃል፤ ያንኑ አሬይ ደጋግመህ ተጠቀምበት። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶውን አሳንሰህ ክፈተው። ለስክሪን የሚታይ ነገር 4000 ፒክስል ምን ይሰራለታል? ኢንሳምፕልሳይዝ የሚባለውን የማሳነሻ ቁጥር 4 ብትለው ወርዱም ቁመቱም ሩብ ይሆናል፤ ፒክስሉ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከዋናው ትሬድ ውጭ፣ በኮሩቲን፣ በዲፎልት ዲስፓቸር ላይ ይሂድ። ተጠቃሚው ሌላ ፎቶ ከመረጠ የቀድሞውን ሥራ ሰርዘው።

አፑ አዲሱ ስልክ ላይ የሚዘጋው ፎቶውን የጫነልህ ላይብረሪ ሃርድዌር ቢትማፕ ስለሰጠህ ነው። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ የመጣ ነው። ፒክስሎቹ የሚቀመጡት ጂፒዩው ጋ ብቻ ነው፤ ለመሳል ፈጣን፣ ለማንበብ ዝግ። ጌትፒክስል ስትለው ስህተት ወርውሮ ይሞታል። አሮጌው ስልክ ላይ ያልታየው እንዲህ ዓይነት ቢትማፕ እዚያ ስለሌለ ነው። ለማሳየትና ለፊልተር እንዳለ ተጠቀምበት፤ እንዲያውም ተመራጭ ነው። ፒክስል ለምታነብበት ቦታ ግን ፎቶ የሚጭኑት ላይብረሪዎች፣ ግላይድም ሆነ ኮይል፣ ሃርድዌር እንዳይሰጡህ የሚከለክል ማዘዣ አላቸው። ያለበለዚያ ኮፒ የሚለውን ጠርተህ በኤአርጂቢ 8888 (ለአንድ ፒክስል 4 ባይት በሚይዘው ቅርጽ) የሚጻፍበት ቅጂ ውሰድ።

ይሄው ቢትማፕ ሴቭ ስታደርግም ያገኝሃል። ተጠቃሚው የመረጠውን ቀለም ወደ ፋይል ማስቀመጥ ሲፈልግ አዲስ ባዶ ቢትማፕ ፍጠር፤ በላዩ ካንቫስ ክፈት፤ ጀርባውን ሳል፤ ከዚያ ቲሸርቱን ያው ፊልተር ባለው ፔይንት ሳል። ሉፕ የለም። ግን ይህ ካንቫስ የሚሳለው በሲፒዩ ስለሆነ ሃርድዌር ቢትማፕ ከሰጠኸው እምቢ ይላል። እዚህም ቅጂው ያስፈልግሃል። ሥራው ከስላይደሩ ይከብዳል፤ ከዋናው ትሬድ አውጣው።

ስትፈልግ ሬንደርስክሪፕት (የቆየ የአንድሮይድ የፈጣን ስሌት መሣሪያ) ተጠቀም የሚሉ የቆዩ መልሶች ታገኛለህ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ጡረታ ወጥቷል፤ አትጀምረው። የራስህን የጂፒዩ ስሌት መጻፍ ካማረህ ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ራንታይምሼደር አለ። ለቲሸርት ግን ከመጠን በላይ ነው። ወደ ኤንዲኬ ወርደህ ፒክስሉን በሲ ለመንካትም ትችላለህ። እኔ ወርጄ አውቃለሁ። ኮትሊን ላይ ኢንቱን ሲያነቡት ቀይ ከሰማያዊ ይቀድማል፤ ታች ሜሞሪውን እንደ ኢንት ሲያነቡት ግን ሰማያዊው ነው የሚቀድመው። ይህን ሳላውቅ የላክሁት የሙከራ ቅጂ ላይ ሰው ሁሉ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ፍጥነቱ ግን ማንም አላማረረበትም።